በባትሪ የሚሠራው የስፖንጅ ጥይት መጫወቻና ልጓሙ
(ከ1969 እስከ 2023 የሚደርስ አጭር የታሪክ ምርመራ)

መግቢያ

የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ነገሥታት ያደረጉትን፥ ሠራዊት የዘመተበትን፥ መንግሥታት የተዋዋሉትን ነው። የልጆች መጫወቻ ከዚህ ምርመራ ውጭ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ መጫወቻ የሠራውን ዘመን ዕውቀት፥ የገዛውን ቤተ ሰብ ኑሮና የሸጠውን ነጋዴ አሳብ በውስጡ ይዞ ይገኛል። በተለይም አንድ መጫወቻ በብዙ ሚሊዮን ሲሸጥና የገዙት ሰዎች በካቻቪቴ እየፈቱ በገዛ እጃቸው ሲለውጡት፥ የአንድን ሕዝብ የቴክኒክ ዕውቀትና ጠባይ ለማወቅ እንደ አንድ ሰነድ ሊቈጠር ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ አገር የተፈጠረውንና በባትሪ ኀይል የስፖንጅ ጥይት የሚተኩሰውን መጫወቻ ታሪክ ባጭሩ መዘርዘር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የምርመራው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ፋብሪካው በመጫወቻው ውስጥ ያኖረውን ልጓም ተጫዋቹ ሲፈታው ልጓሙ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው። ጸሐፊው ማስረዳት የሚፈልገው ልጓሙ ከዕቃው ቢወጣም ፈጽሞ እንዳልጠፋ፥ ነገር ግን ከዕቃው ወደ ሰው፥ ከሽቦ ወደ ደንብ እንደ ተዛወረ ነው።

ስለ ማስረጃው አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ፈልሳፊዎች ስማቸው በፓተንት መዝገብና በፍርድ ሰነድ ተጽፎ ይገኛል። መጫወቻውን እየፈቱ ያሻሻሉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ስማቸው አልተመዘገበም። የእነርሱ ታሪክ ተጽፎ የሚገኘው በዋናነት በሥራቸው ላይ፥ ይኸውም በተቈረጠው ፕላስቲክ፥ በተለወጠው ሽቦና በወለቀው ማብሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የዕቃውን ውስጥ ማንበብ ያስፈልጋል።

፩፤ ከስፖንጅ ኳስ ወደ ስፖንጅ ጥይት

ታሪኩ የሚጀምረው በጠመንጃ ሳይሆን በኳስ ነው። በ1969 ሬይን ጋየር የተባለው የሚኔሶታ ሰው ከባልደረቦቹ ጋራ ስለ ዋሻ ሰዎች አንድ ጨዋታ ያዘጋጅ ነበር። በጨዋታው የሚወረወረው ድንጋይ ማንንም እንዳይጐዳ ከስፖንጅ የተቈረጠ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ከጨዋታው ሕግ ይልቅ የስፖንጁ ድንጋይ ራሱ እንደሚያስደስት ተገነዘቡ። ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ አሳቡን ተቀብሎ፥ በ1970 ከፖሊዩሬቴን ስፖንጅ የተሠራ ኳስ «ነርፍ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ኳሶች ተሸጡ።

በዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ኩባንያው ኳሱን ያስተዋወቀው በቤት ውስጥ ቢወረወር መብራት እንደማይሰብር፥ መስኮት እንደማያደቅ፥ ሕፃንና ሽማግሌ እንደማይጐዳ በመግለጥ ነው። የነርፍ የመጀመሪያው የገበያ ኀይል እንግዲህ ፍጥነት ወይም ርቀት ሳይሆን ጉዳት አለማድረስ ነበር። የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ተስፋ ጋራ የሚደረግ ክርክር ነው ለማለት ይቻላል።

ኳስ ወርዋሪው መሣሪያ የመጣው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1989 በእጅ እየተገፋ በአየር ግፊት የስፖንጅ ኳስ የሚያስወነጭፍ ቱቦ ተሸጠ፤ በ1991 የቀስት መልክ ያለው ተከተለ፤ በ1992 ደግሞ ሻርፕሹተር የተባለው ቀጭን የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ወጣ። በዚህ ጊዜ የንግዱ ባለቤትነት ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። ፓርከር በ1985 ከኬነር ጋራ በአንድ ኩባንያ ተጠቃለለ፤ ይህን ኩባንያ በ1987 ቶንካ ገዛው፤ ቶንካን ደግሞ በ1991 ሃስብሮ ጠቀለለው። ከዚያ ጀምሮ ነርፍ የሃስብሮ ንብረት ሆነ።

ከዚሁ ጋራ የሎኒ ጆንሰን ስም መነሣት አለበት። ይህ በአላባማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ኢንጂኔር በአሜሪካ አየር ኀይልና በናሳ የጠፈር ምርምር ሥራ የተካፈለ ሰው ነው። በ1982 በውሃ የሚሠራ የሙቀት መሣሪያ ሲሞክር ኀይለኛ የውሃ ፍንጥቅታ አይቶ በአየር ግፊት የሚሠራውን የውሃ መጫወቻ አሰበ። መጫወቻው በ1990 ለገበያ ወጥቶ በ1991 «ሱፐር ሶከር» ተባለ። ጆንሰን በስፖንጅ ጥይት መጫወቻዎችም ላይ የፈጠራ መብት ነበረው። ከ2007 እስከ 2012 ላለው ጊዜ የሚገባው ድርሻ በሙሉ ስላልተከፈለው ጉዳዩን ለሽምግልና ዳኝነት አቅርቦ በ2013 72.9 ሚሊዮን ዶላር በሃስብሮ ላይ ተፈረደለት። በፓተንት የተጻፈ አሳብ ባለቤቱን ለማስከበር እንደሚችል ይህ ፍርድ ያሳያል። ፓተንት ያላወጡት አሻሻዮች ግን እንዲህ ያለ መከታ አልነበራቸውም።

፪፤ ሞተር ወደ መጫወቻው ስለ መግባቱ

እስከዚህ ድረስ የመጫወቻው ኀይል የልጁ ክንድ ነበር። ልጁ ሞላውን ይስባል፥ ወይም አየሩን ይነፋል፤ መጫወቻው የክንዱን ጉልበት ለአንድ አፍታ አጠራቅሞ ይመልስለታል። ይህ በራሱ አንድ ልጓም ነው፤ ልጁ ሲደክመው ተኩሱ ይቆማልና።

ክንዱን የተካው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ትናንሽ ማግኔት ያላቸው ሞተሮች በመጫወቻ ሥራ የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፥ በዚህ ረገድ የጃፓኑ ኬኒቺ ማቡቺና በ1954 የተቋቋመው ኩባንያው ትልቅ ድርሻ አላቸው። በርካሽ የሚሠራና በባትሪ ድንጋይ የሚዞር ሞተር ከተገኘ በኋላ የሚሄድ መኪና፥ የሚዞር አሻንጉሊት፥ የሚበር አውሮፕላን ተሠራ። ወደ ነርፍ የስፖንጅ ጥይት በሰፊው የገባው ግን ዘግይቶ ነው።

በ2008 ቩልካን ኢ.ቢ.ኤፍ.-25 የተባለው መጫወቻ ወጣ። ይህ በሦስት እግር ላይ የሚቆም፥ 25 ጥይት በሰንሰለት የሚጐርስና በ6 ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ ነበር። በ2010 ስታምፒድ የተባለው ተከተለ፤ እርሱም 6 ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ያስፈልጉት ነበር፥ ነገር ግን ጥይቱን የሚያገኘው ከካዝና ነው። በ2011 የወጣው ባሪኬድ 3 ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ብቻ ነበሩት። በ2013 ስትራይፍ የተባለው በ4 ትናንሽ ድንጋዮች የሚሠራው መጫወቻ መጣ፤ በዚያው ዓመት ቃታው እስከ ተያዘ ድረስ ያለማቋረጥ የሚተኩሰው ራፒድስትራይክም ወጣ። ድንጋዮቹ እንዲህ ያነሱት ባትሪው ስለ ተሻሻለ ሳይሆን የውስጡ አሠራር ስለ ተለወጠ ነው። ይህንንም ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

፫፤ የውስጡ አሠራር

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። የመጀመሪያው የፒስተን አሠራር ነው። በቩልካንና በስታምፒድ ውስጥ ሞተሩ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች እያዞረ አንድ ፒስተን ወደ ኋላ ይስባል፤ ከፒስተኑም ጋራ ጠንካራ ሞላ ይጨመቃል። ጥርሱ ፒስተኑን ሲለቀው ሞላው በኀይል ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በፊቱ ያለው አየር እንደ ብስክሌት መንፊያ ተጨምቆ ጥይቱን ያስወጣዋል። እንግዲህ ሞተሩ የልጁን ክንድ ተካ እንጂ አሠራሩ ያው የቀድሞው ነው። ለእያንዳንዱ ጥይት ሞላውን እንደገና መሳብ ስላለበት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ስድስቱም ትልልቅ ድንጋዮች ያስፈለጉት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የመዘውር አሠራር ነው፤ ባሪኬድ፥ ስትራይፍና ራፒድስትራይክ የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለት ትናንሽ መዘውሮች ጐን ለጐን ሆነው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጥይቱ ውፍረት ያነሰ ነው። ጥይቱ ከኋላ በትንሹ ሲገፋ መዘውሮቹ ከግራና ከቀኝ ጨብጠው ይወረውሩታል። በአሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋቾች የሚለማመዱበት ኳስ ወርዋሪ መሣሪያም በብዙው የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

የመዘውሩ ጥበብ ጉልበት ማጠራቀም ነው። ይህን ለመረዳት የእናቶቻችንን እንዝርት ማሰብ ይበቃል። ፈታይዋ እንዝርቱን አንድ ጊዜ ስታሾረው ክብደቱ መዞሩን ጠብቆ ያቈየዋል፤ ክሩም በዚያ ጊዜ ይከርራል። እንደዚሁም ሞተሩ መዘውሩን በአንድ ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ያደርሰዋል፤ ጥይቱ የሚወስደው ከተጠራቀመው ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ነው። ዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መዘውር በደቂቃ 18,000 ጊዜ ቢዞር ጠርዙ በሴኮንድ 30 ሜትር ይሄዳል። ጥይቱ በሰበቃ ስለሚወረወርና ጥቂት ስለሚንሸራተት ከዚህ ያነሰ ፍጥነት ይኖረዋል። መዘውሩም ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ጥቂት ይዘገያል፤ ባትሪው ደካማ ከሆነ የኋለኞቹ ጥይቶች ቅርብ የሚወድቁት ስለዚህ ነው።

ጥይቱ ራሱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ወደ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፥ ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ የተለጠፈበት የስፖንጅ ቱቦ ነው። ክብደቱ አንድ ግራም ያህል ነው።

፬፤ ፋብሪካው ያኖራቸው ልጓሞች

አንድ ስትራይፍ ብሎኖቹ ተፈተው ቢከፈት ከመዘውሮቹ ሌላ ለመተኰስ የማያስፈልጉ፥ እንዲያውም ተኩስን የሚከለክሉ ነገሮች ይገኙበታል። እነዚህም አራት ናቸው።

1ኛ፤ ካዝናው ካልገባ ሞተሩ እንዳይዞር የሚያደርግ ማብሪያ አለ። 2ኛ፤ የተወተፈ ጥይት የሚወጣበት ክዳን ክፍት ከሆነ መስመሩን የሚቈርጥ ሌላ ማብሪያ አለ፤ ይህም የልጅ ጣት በሚዞሩት መዘውሮች መካከል እንዳይገባ ነው። 3ኛ፤ ተርሚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ በሽቦው መስመር ላይ ተበይዷል። ሞተሩ ሳይዞር ተይዞ ሲቀር የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይበዛል፥ ሽቦውም ይግላል፤ ተርሚስተሩ ሙቀቱ ሲሰማው መንገዱን ያጠብባል፥ ሲበርድም መልሶ ይከፍታል። ሥራው አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ዓይነት ነው። 4ኛ፤ የኀይሉ ምንጭ ራሱ ልጓም ነው፤ አራት የባትሪ ድንጋዮች በጠቅላላው 6 ቮልት ብቻ ይሰጣሉ፥ በአንድ ጊዜም ብዙ ፍሰት ለመስጠት አይችሉም።

እነዚህ ነገሮች በፋብሪካው በጎ ፈቃድ ብቻ የተደረጉ አይደሉም። በ2008 በአሜሪካ የወጣው የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ ቀድሞ በፈቃድ ይጠበቅ የነበረውን የመጫወቻ ደረጃ አስገዳጅ አድርጎታል። ይህ ደረጃ መጫወቻ በሚወረውረው ነገር ላይም ወሰን ያደርጋል። እንግዲህ ስትራይፍ ሲሸጥ የኢንጂኔሩ፥ የነጋዴውና የሕግ አውጪው አሳብ አብሮ ተበይዶበት ነበር።

፭፤ ልጓሙን ስለ መፍታት

ገዢዎቹ መጫወቻውን መፍታት የጀመሩት ሞተር ከመግባቱ በፊት ነው። በሞላ የሚሠሩትን ከፍተው ጠንካራ ሞላ ያስገቡ ነበር። ሞተር ያለው መጫወቻ ከመጣ በኋላ ግን ሥራው ከመካኒክ ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገረ፤ የስትራይፍ ውስጥ ለዚህ የሚመች ሰፊ ስለ ነበረ በአሻሻዮች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ።

የሥራው ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በመጀመሪያ ተርሚስተሩንና ሁለቱን መከልከያ ማብሪያዎች ያወጣሉ። ቀጥለው ቀጭኑን ሽቦ በወፍራም ሽቦ ይለውጣሉ፤ ቀጭን ሽቦ ብዙ ፍሰት ሲያልፍበት ጉልበቱን በሙቀት ያባክናልና። የቃታውንም ማብሪያ ብዙ ፍሰት በሚችል ይተኩታል። ከዚያ የባትሪ ድንጋዩን ትተው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ያገቡበታል፤ የዚህ ባትሪ እያንዳንዱ ክፍል 3.7 ቮልት ስለሚሰጥ ሁለት ክፍል 7.4፥ ሦስት ክፍል 11.1 ቮልት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ይህን ለረጅም ጊዜ አይችሉም፤ ካርቦናቸው ቶሎ ያልቃል፥ ይግላሉ፥ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ጠንካራ ሞተሮች ይገባሉ። በመጨረሻም መዘውሮቹና ሞተሮቹን የሚይዘው ቤት ከብረት ወይም በጥንቃቄ ከተሠራ ፕላስቲክ በተሠሩ ይለወጣሉ።

ይህን የመጨረሻ ሥራ ያቀለለው ከመጫወቻው ዓለም ውጭ የመጣ ለውጥ ነው። በ2005 በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦውየር በማንም ሰው ቤት ሊሠራ የሚችል የፕላስቲክ ዕቃ አታሚ ማሽን ሥራ ጀመረ። ቀልጦ በሚፈስ ፕላስቲክ ዕቃን ደረጃ በደረጃ የሚገነባው ዘዴ ዋና ፓተንት በ2009 ሲያበቃ ማሽኑ ረከሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ በጠረጴዛው ላይ የሠራውን ክፍል ሥዕል ለሌላው ይልክለታል፤ ያም በበኩሉ አትሞ፥ ሞክሮ፥ አርሞ ይመልስለታል። ቀድሞ የፋብሪካ ብቻ የነበረው ሥልጣን ወደ ቤት ገባ።

የዚህ ሥራ ትርፉ ቀላል አይደለም። ወጣቶች የቮልትንና የፍሰትን ግንኙነት፥ የሰበቃን ወሰን፥ የሽቦን ውፍረት አመራረጥ በእጃቸው ተምረዋል። መዘውሩን አብዝቶ ማፍጠን ከአንድ ደረጃ በኋላ ጥይቱን ይበልጥ እንደማያፈጥነው፥ ሰበቃው ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ሲሆን መዘውሩ በጥይቱ ላይ ዝም ብሎ እንደሚንሸራተት በሙከራ ደረሱበት። ከዚያም ክፍተቱን ማጥበብና የመዘውሩን ጠርዝ ማሻከር እንደሚበጅ አወቁ። ይህ የላቦራቶሪ ትምህርት ነው።

ኪሳራው ግን በሒሳብ ይታያል። የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት የሚለካው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። አንድ ግራም የሚመዝን ጥይት በሴኮንድ 20 ሜትር ቢሄድ ጉልበቱ 0.2 ጁል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 40 ሜትር ቢደርስ ጉልበቱ 0.8 ጁል፥ ይኸውም አራት እጥፍ ይሆናል። 60 ሜትር ቢደርስ 1.8 ጁል፥ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ተጫዋቹ «ፍጥነቱን እጥፍ አደረግሁት» ሲል የሚመታው ሰው ግን የሚቀበለው አራት እጥፉን ነው። የሊቲየሙም ባትሪ የራሱ አደጋ አለው፤ ቢበሳ ወይም ያለ ልክ ቢሞላ ሊነድድ ይችላል፥ ያለ ልክ ቢራገፍም ይበላሻል። ተርሚስተሩ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ተይዞ ሲቀር ሙቀቱን አስቀድሞ የሚሰማ ነገር የለም። የሚሰማው የተጫዋቹ እጅ ብቻ ነው።

፮፤ አዲሶቹ ልጓሞች

በ2005 በሜሪላንድ ክፍለ አገር በጐቸር ኮሌጅ «ሰዎችና ዞምቢዎች» የተባለ ጨዋታ በተማሪዎች ተጀመረ። በዚህ ጨዋታ ሰው የሆኑት በክንዳቸው፥ ዞምቢ የሆኑት በራሳቸው ላይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ዞምቢው ሰውን ሲነካው ዞምቢ ያደርገዋል፥ ሰው ደግሞ ራሱን በስፖንጅ ጥይት ወይም በተጠቀለለ ካልሲ ይከላከላል። ጨዋታው ቀናት ይፈጃል፤ ከጐቸር ተነሥቶም ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። በዚህ ምክንያት መጫወቻው ከልጆች ክፍል ወጥቶ ወደ ኮሌጅ ግቢ ገባ፤ ያሻሻለው ሰው ሥራውን የሚያሳይበት፥ ያላሻሻለውም የሚመታበት ሜዳ ተገኘ።

የልጓሙ ጥያቄ በግልጥ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ከሱቅ የወጣ መጫወቻ የያዘና አራት እጥፍ የሚመታ መሣሪያ የያዘ ሰው በአንድነት ሊጫወቱ አይችሉም። ስለዚህ የጨዋታ አዘጋጆች ደንብ ማውጣት ጀመሩ። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱን የሚለካ መሣሪያ አቆሙ፤ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የሆነውን ከሜዳ አገዱ፤ የዐይን መከላከያ መነጽር ያላደረገ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ከቅርብ ርቀት መተኰስንና ፊት ላይ ማነጣጠርን ነቀፉ፤ ጠንካራ ጫፍ ያለው ጥይት እንዳይገባ አደረጉ። የወሰኑ ቍጥር ከቦታ ቦታ ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው። የፋብሪካው ኢንጂኔር በተርሚስተርና በ6 ቮልት ያደርገው የነበረውን ተማሪዎቹ በደንብና በመለኪያ አደረጉት።

ደንቡ ከንቱ ፍርሃት እንዳልሆነ ሐኪሞች መስክረዋል። በ2017 በለንደን ከተማ የሙርፊልድስ የዐይን ሆስፒታል ሐኪሞች በነርፍ ጥይት ዐይናቸው ስለ ተመታ ሦስት ሰዎች የሕክምና ዘገባ አወጡ። ሁለቱ አዋቂዎች፥ አንዱ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሦስቱም ሕመምና የእይታ መደብዘዝ አጋጥሟቸው፥ በዐይናቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ተገኘ፤ በሕክምና ዳኑ። ሐኪሞቹም ተጫዋቾች መነጽር እንዲያደርጉ መከሩ። ዘገባው የተጻፈው ስለ ተሻሻሉ መሣሪያዎች አልነበረም። «ሕፃንና ሽማግሌ አይጐዳም» የተባለው ስፖንጅ ከሱቅ እንደ ወጣ እንኳ ዐይን ላይ ካረፈ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፥ ጉልበቱ አራት ወይም ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

፯፤ ስለ ቀለም

ካቻቪቴ የማያስፈልገው አንድ ሌላ ማሻሻያ አለ፤ እርሱም ቀለም መቀባት ነው። በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት እውነተኛ ጠመንጃ የሚመስል መጫወቻ አፈሙዙ ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው ወይም መላው ዕቃ በደማቅ ቀለም እንዲሠራ ደነገገ። የነርፍ መጫወቻዎች በቢጫ፥ በሰማያዊና በብርቱካንማ ቀለም መሠራታቸው ለዐይን ማማር ብቻ ሳይሆን ከሩቅ መጫወቻ መሆናቸውን ለመናገር ነው። ቀለሙ እንግዲህ አምስተኛው ልጓም ነው። አንዳንድ አሻሻዮች ግን መሣሪያቸው የጦር መሣሪያ እንዲመስል ጥቁርና ብረትማ ቀለም መቀባት ወደዱ።

የዚህን ልጓም ዋጋ የአሜሪካ ታሪክ በመራራ መንገድ አሳይቷል። በኖቬምበር 22 ቀን 2014 በክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩስ አምሳያ ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት አንድ ፖሊስ ተኩሶበት በማግሥቱ ሞተ። ፖሊሱ ከመኪናው ወርዶ የተኰሰው በሴኮንዶች ውስጥ ነበር። በአምሳያው አፈሙዝ ላይ ሊኖር የሚገባው ብርቱካንማ ምልክት አልነበረም። የከተማው አስተዳደር በ2016 ለቤተ ሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ ዕቃ ነርፍ አልነበረም፤ የሞቱም ምክንያት የቀለም ጕዳይ ብቻ ነው ማለት የፖሊሱን ሥራና በአሜሪካ ጥቁር ልጆች የሚታዩበትን ዐይን መሸፈን ይሆናል። ነገር ግን በመጫወቻና በመሣሪያ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለየው ሰው ለመለየት የሚያገኘው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

በኮሌጅ ግቢዎችም ሁኔታው አሳሳቢ ነበር። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን ከገደለ በኋላ በግቢ ውስጥ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ መሮጥ እንደ ቀድሞው ተራ ጨዋታ ሊታይ አልቻለም። ስለዚህ በብዙ ቦታ የጨዋታው ደንብ መሣሪያ በደማቅ ቀለም እንዲሆንና እውነተኛ የሚመስል እንዳይገባ ያዝዛል። አሻሻዮቹ ራሳቸው ብርቱካንማውን አፈሙዝ እንዳይቀቡ ለአዲስ ገቢዎች ይመክራሉ።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በ2023 አንድ ደረጃ ላይ ደርሷል። በዚያ ዓመት ሃስብሮ ነርፍ ፕሮ በሚል ስም ስትራይፍ ኤክስ የተባለውን መጫወቻ አወጣ፤ የሚተኩሰውም ግማሽ ርዝመት ያለውን ጥይት ነው። ይህን አጭር ጥይት ቀድሞ ያስለመዱት ረጅሙን በምላጭ እየቈረጡ ይሞክሩ የነበሩት አሻሻዮችና እነርሱን ተከትለው የሠሩ ሌሎች አነስተኛ አምራቾች ነበሩ። አዲሱ መጫወቻ ለትንንሽ ልጆች ሳይሆን ለወጣቶችና ለአዋቂዎች የታሰበ ነው። ኩባንያው ከአሻሻዮቹ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ትምህርትም የወሰደ ይመስላል፤ ይኸውም ጉልበት ሲጨመር የተጫዋቹ ዕድሜና ጥንቃቄም አብሮ መጨመር አለበት የሚለው ነው።

እንግዲህ በመግቢያው ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ልጓም ከመጫወቻው ሲወጣ ሥራው አልቀረም። ተርሚስተሩ ይጠብቀው የነበረውን ሙቀት የሚጠብቅ እጅ፥ 6 ቮልቱ ይወስነው የነበረውን ፍጥነት የሚወስን ደንብ፥ ደማቁ ቀለም ይናገረው የነበረውን የሚናገር ሰው ማስፈለጉ አልቀረም። ማኅበሩ ይህን ኀላፊነት በተቀበለበት ቦታ ማሻሻሉ ትምህርትና ጨዋታ ሆኗል። ባልተቀበለበት ቦታ ግን ዕዳውን የሚከፍለው መሣሪያውን ያልከፈተው፥ በፊቱ የቆመው ሰው ነው።

ይህ ምርመራ ሙሉ አይደለም። የተሻሻሉት መሣሪያዎች ቶሎ ይበላሻሉ፥ ይጣላሉም፤ የሠሯቸውም ሰዎች ስም ከእነርሱ ጋራ ይጠፋል። በአሜሪካ ያሉ የቴክኒክ ታሪክ ቤተ መዘክሮች ከሱቅ የወጣውን ስትራይፍ ብቻ ሳይሆን የተከፈተውን፥ የተበየደውንና የተቃጠለውንም ቢያስቀምጡ፥ ለሚመጣው ተመራማሪ በፓተንት መዝገብ የማይገኝ ማስረጃ ይሆኑለታል። የሚያስቀምጡትም የጨዋታዎቹን ደንብ አብረው ቢያኖሩ መልካም ነው። ዕቃው ልጓሙ እንዴት እንደ ተፈታ ይናገራል፤ ደንቡ ደግሞ ልጓሙ በማን እጅ እንደ ገባ ያስረዳል።